ስለ ጎማው፣ ለአባባ

አዲስ አበባ
ሰኔ 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ አባቴ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? ዝናቡስ በረታ? እኛ ደኅና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ልጆቹ ፈተና ጨርሰዋል። ትንሿ ሁለት የፊት ጥርሶቿ ወልቀው "አባባ እንዳያዩኝ" እያለች አፏን በእጇ ትከድናለች። ትልቁ በቁመት እኔን አልፏል።

ወደ መኪናዎ ጎማ ልምጣ። የጎረቤት ልጅ የላከልኝን ፎቶ አጉልቼ አየሁት። በስልክ "ስምንተኛ ወር 2012 ይላል፤ ገና አምስት ዓመቱ ነው" ያሉኝ ቁጥር 0812 ነው። አባባ፣ 08 ወር አይደለም፣ ሳምንት ነው። 12ም በፈረንጅ ነው። የፈረንጆቹ 2012 ስምንተኛ ሳምንት በእኛ የካቲት 2004 ላይ ይውላል። አሥራ ሦስት ዓመት አልፎታል። ሻጩ ሳያውቅ ይሁን አውቆ እንጃ። ጥርሱ ጥልቅ ስለሆነ አዲስ ይመስላል፤ ጎማ ግን መደርደሪያ ላይ ተቀምጦም ያረጃል። ላስቲኩ ይደርቃል፤ ጭነትና ሙቀት ሲያገኘው ጥርሱ ከውስጡ ክር ይላቀቃል። ፎቶው ላይ በጎኑ በኩል ፀጉር የሚያካክሉ ስንጥቆች ይታያሉ። አራቱም ይውጡ። የወጣው ለበረባሶ ይሁን እንጂ ለስኮርታ፣ ለመጠባበቂያ፣ አይሁን።

ሲገዙ መጀመሪያ ይህን ቁጥር ይፈልጉ፤ ዲ፣ ኦ፣ ቲ ከሚሉት ሦስት የላቲን ፊደላት በኋላ በሚመጣው ረጅም ጽሑፍ መጨረሻ ላይ ያሉት አራት አሃዞች ናቸው። አንዳንዱ ጎማ ላይ በአንድ ጎን ብቻ ስለሚታተም ገልብጠው ይዩ። መጨረሻው 23፣ 24 ወይም 25 ካልሆነ ይተዉት፣ ቢያረክሱልዎትም።

መጠኑን በተመለከተ፣ የእርስዎ ላንድክሩዘር 45 ድሮ የመጣችበት 7.00-16 ነው። 7.50-16ም በዚያው ቸርኬ ላይ ይገባል፤ አዲሶቹ ፒክአፖችም ስለሚጠቀሙበት በቀላሉ ይገኛል። ትንሽ ከፍ ስለሚል ፍጥነት መለኪያው 60 ሲያሳይ 62 ያህል እየሄዱ ነው። መሪው እስከ ጥግ ሲዞር ጎማው ባሌስትራውን፣ የብረት ሞላውን፣ እንዳይነካ ብቻ ያረጋግጡ። መሐሉ ላይ "አር" ያለበትን፣ ማለት ራዲያሉን፣ ይምረጡ፤ ረጅም ይሄዳል፣ መንገዱንም ይይዛል። ራዲያልና የድሮውን ዓይነት አንድ አክሰል ላይ ማቀላቀል አይሆንም። በፕላይ፣ ማለት በጎማው የጥንካሬ መለኪያ፣ ባለ 8 ይበቃዎታል። ለአይሱዙ የሚሸጡት ባለ 14 ፕላይ ጠንካራ ነው ብለው ያግባቡዎታል፤ እውነት ነው፣ ግን ባዶ ፒክአፕ ላይ እንደ ድንጋይ ይዘላል፣ ወገብዎም አይችለውም። ያለቀ ጎማ ላይ በጋለ ቢላ ጥርስ ያወጡለትን ደግሞ በነፃም አይውሰዱ፤ የተቀረጸው ክሩን የሚሸፍነው ላስቲክ ነው።

መንገድዎ ለጭቃ የሚሆነውን ትልልቅ ጥርስ አይፈልግም። አጋሮ መንገድ ላይ አስፋልቱ ያስጮኸዋል፣ ቶሎም ይበላል። መካከለኛ ጥርስ ይሻላል። ካላማዳሪያውን፣ አየር የሚይዘውን የውስጥ ላስቲክ፣ ግን በአዲስ ይቀይሩ፤ አሮጌው ስለተለጠጠ አዲስ ጎማ ውስጥ ይታጠፍና በእጥፋቱ ይቀደዳል። ለራዲያል የሚሆን መሆኑን ይጠይቁ።

አሁን የምፈራው ላይ ደረስኩ፣ ቀለበቱ ላይ። የእርስዎ ቸርኬ ጎማውን የሚይዝ የብረት ቀለበት ያለው ነው፤ በደንብ ሳይቀመጥ አየር ከተሞላ ተፈናጥሮ ሰው ይገድላል። ጎሚስታው ዳዶ ከመንካቱ በፊት የቫልቩን ልብ አውጥቶ አየሩን ጨርሶ ያስወጣ። የቀለበቱን መቀመጫ በሽቦ ብሩሽ ከዝገት ያጽዳ፤ የተሰነጠቀ ወይም የተጣመመ ቀለበት ካለ በመዶሻ አይስተካከልም፣ ይጣላል። ካላማዳሪያው ላይ ታልክ ዱቄት ይረጭ፤ ከቸርኬው ጋር እንዳይፋጭ የሚለብሰውም ላስቲክ አይቅር። መጀመሪያ ትንሽ አየር ብቻ ይሞላ፣ ቀለበቱ ዙሪያውን እኩል መግባቱ ይታይ፤ ካልገባ አየሩ ይውጣ እንጂ በአየር ላይ አይመታ። ከዚያ ቸርኬው በሰንሰለት ታስሮ በረጅም ቱቦ ይሞላ። አንድ ጊዜ ሞልቶ ሁሉንም አስወጥቶ እንደገና ይሙላ፤ የካላማዳሪያው እጥፋት የሚዘረጋው ያኔ ነው። እርስዎ ያን ጊዜ ውጭ ቡና ይጠጡ። እባክዎ ጎንበስ ብለው አያዩ።

መኪናዋ በክሪክ ከመነሳቷ በፊት፣ ጎማው መሬት ላይ እንዳለ፣ ዳዶዎቹ ይላላሉ፤ ሲጠብቁ ደግሞ በተቃራኒ ተቃራኒው። ብሎኑ ዘይት አይቀባ። 50 ኪሎ ሜትር ከሄዱ በኋላ እንደገና ይጠበቅ። አየሩን በቀዝቃዛው፣ ጠዋት፣ ይለኩ፦ ባዶ ስትሆን ፊት 35 ፒ.ኤስ.አይ.፣ ኋላ 40 ይሁን፤ ቡና ስትጭኑ ኋላውን 50 አድርጉት።

ፊት ጎማው በአንድ ጎን እየተበላ ከሆነ ግን ጎማ መቀየር ብቻውን ገንዘብ ማቃጠል ነው። ቴስቲናውን፣ የመሪውን መገጣጠሚያ፣ እና የፊት እግር ኩሽኔታውን ያስፈትሹ፣ ከዚያ አላይመንት።

ይህን ሁሉ ከየት አወቅሽው ይሉ ይሆናል። መኪናዋን ስትፈቱ ክሪኩ የወንድሜ ነበር፣ ባትሪው የእኔ። "አንቺ አብሪልን" ነበር የሚሉኝ። ከባትሪው ኋላ ሆኜ ነው ያየሁት። ቅያሜ አይደለም። ትንሽ ነው እንጂ።

ገንዘቡን ለአራቱም፣ ለካላማዳሪያውም ጭምር ልኬያለሁ፤ ለዘይት አያውሉት።

ፎቶው ዳር ላይ የቀኙ ፓራፋንጎ ገብቶ ይታያል። በስልክ አልጠየቅኩዎትም። የግቢው በር ነው? ቁጥሩንስ እርስዎ ነዎት ያነበቡት ወይስ ልጁ ነው የነገረዎት? የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ዓይን ክፍል ሐሙስ ወይም ዓርብ ሊሄዱ ይችላሉ? እኔ መጥቼ እወስድዎታለሁ፣ ፈቃድ ጠይቄያለሁ። እስከዚያ ጊቤን በማታ አይውረዱ፤ አጋሮም ቢሆን ወንድሜ ይንዳ።

የስኮርታውንም ቁጥር ላኩልኝ። ከመኪናዋ ሥር ስለተሰቀለ እርስዎ ሥሯ ገብተው አይተኙ፤ ልጁ በባትሪ አብርቶ ያንብብልዎት።

ልጅዎ