የእማዬ ጽዋ

ጥቅምት 9 ቀን 2018 ዓ.ም.
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

ይድረስ ለውድ አባቴ፣ ጎንደር

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኔ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ በሥጋ ደህና ነኝ። ይህን ደብዳቤ ሐሙስ ወደ አገር ቤት በምትሄድ ጎረቤቴ እጅ ልኬአለሁ። በስልክ ድምፅዎን ስሰማ እንባዬ እየቀደመኝ ያሰብሁትን ሳልናገር ስለምዘጋ መጻፍ መረጥሁ።

መርዶዬን የሰማሁት ቅዳሜ ነው። ገና ሳይነጋ በሬ ተንኳኳ። ብከፍት የቤተ ክርስቲያናችን እናቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመዋል። አንዳቸውም ቃል ሳይተነፍሱ እማዬ መሆኗን አወቅሁ። ብቻዬን በስልክ እንዳልሰማ ብለው እርስዎ አደራ እንዳሉአቸው በኋላ ነገሩኝ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ አባቴ። የጥገኝነት ጉዳዬ እልባት ስላላገኘ ከዚህ ብወጣ መመለሻ የለኝም፤ አፈር ሳላለብሳት ቀረሁ። ይህ እስከ ዕለተ ሞቴ ያንገበግበኛል።

ሌሊት ሌሊት ዓይኔ ላይ የምትመጣው ምድጃው ሥር ተቀምጣ ነው። ሐኪም ስኳር አለብዎ፣ መጾም ይቅርብዎ ያለዎት ጊዜ ትዝ ይልዎታል? ረቡዕና ዓርብ ጠዋት ቁርስዎን ትሠራለች፤ እርሷ ግን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ እንኳ በአፏ አይዞርም። ወጡን መቅመስ ስለማትችል በጭልፋ ቀድታ፣ እፍ እፍ ብላ መዳፌ ላይ ጠብ ታደርግና «ጨው በቃው? ለአባትሽ ነው፤ ደህና አድርገሽ ቅመሺ» ትለኛለች። ሰባት ዓመት ሞልቶኝ መጾም ስጀምር ቅምሻው ለታናሽ እህቴ ተላለፈ፤ ቀንቼ አለቀስሁ። በዚያ ሁሉ ዓመት እርስዎ «ጨው በዛ» ሲሉ አንድ ቀን አልሰማሁም። ልጅ የቀመሰው ወጥ ጨው ሳይበዛበት አይቀርም። ዝም ብለው ይበሉላት እንደነበር አሁን ነው የገባኝ።

እዚህ ከመጣሁ ወዲህም በርበሬና ሽሮ በላከችልኝ ቁጥር ከመካከሉ በወረቀት የተጠቀለለ የቁስቋም እምነት አገኝ ነበር። የመጨረሻው ጥቅልል ዛሬም ትራሴ ሥር አለ።

ያረፈችው የጽጌ ጾም በተያዘ ዕለት፣ መስከረም 26 ነው፤ አርባዋ የቁስቋም ዋዜማ፣ ኅዳር 5 ይውላል። ለተዝካሯ የቻልሁትን ልኬአለሁ። ድንኳን ሙሉ ሰው ከመጥራት ይልቅ የቁስቋም ደጅ ነዳያን ይብሉበት። ዳቦ ቆርሳ ሳትሰጣቸው ያለፈችው በዓል የለምና።

አንድ ነገር ግን እለምንዎታለሁ። የማርያም ማኅበርተኞቿ «ዘንድሮ የእርሷ ተራ ይለፍ» እንዳሉና እርስዎም እንደተስማሙ እህቴ ነገረችኝ። ለሐዘናችን አስበው ነው፤ አልቀየምሁም። ቢሆንም ኅዳር ጽዮን የእማዬ ተራ ነው። እኔ እስከማስታውሰው ድረስ ኅዳር 21 ቤታችን ጽዋ ሳይጠጣበት አልዋለም። እርስዎ ሆስፒታል በተኙበት ዓመት እንኳ ሌሊት እርስዎን አስታምማ፣ ቀን መጥታ ጠላዋን ጠምቃለች። ማኅበር ደግሞ ልጅ ይወርሳል። የእማዬን እኔ ወርሻለሁ፤ ወጪው በየዓመቱ ከእኔ ነው፣ እህቴ በእኔ ስም ትደግስልኝ። የነቢያት ጾም ስለሚሆን ሽሮና ምስር ይበቃል። ጌሾውና ብቅሉ ግን ከአሁኑ ይሰናዳ፤ ዳቦውም እንደ እማዬ በኮባ ይጋገር።

እባክዎ ለማኅበርተኞቹ ይንገሩልኝ፤ ጥቅምት 21 ከዚያ ወር ባለተራ ቤት ሲነሡ፣ ለኅዳሩ ተራችን ጽዋውን ይዘው ወደ ቤታችን ይምጡ። እህቴ የእማዬን ነጠላ ለብሳ ደጅ ወጥታ ትቀበላቸው። የዚያን ዕለት ማታ እደውላለሁ። ባለቅስም ስልኩን አይዝጉብኝ፤ ጽዋው መግባቱን ይንገሩኝ።

ናፋቂ ልጅዎ