አይሱዙው ቱሉ ዲምቱ ላይ ይቁምልን

ለአዲስ አበባ ከተማ ንግድ ቢሮ እና ለከተማዋ ኅብረት ሥራ ኮሚሽን ኃላፊዎች

ጤና ይስጥልኝ።

የምጽፍላችሁ ስለ ሽንኩርት ነው። የቲማቲሙም የጎመኑም የጤፉም ጉዳይ አለበት፣ ግን ሽንኩርቱ ነገሩን ቶሎ ያስረዳልኛል።

መቂና ባቱ አካባቢ በመስኖ የሚመረተው ቀይ ሽንኩርት ወደ አዲስ አበባ የሚመጣው በሞጆ በኩል ነው። አይሱዙ ላይ ተጭኖ የፍጥነት መንገዱን ይዞ ይመጣና ቱሉ ዲምቱ ላይ ይወጣል። ቱሉ ዲምቱ ማለት እኛ ሰፈር ነው። እዚህ ዙሪያ ባሉት ኮንዶሚኒየሞች ስንት ቤተሰብ እንደሚኖር እናንተ ከእኛ በላይ ታውቃላችሁ። መኪናው ግን አይቆምም። እኛን አልፎ ኃይሌ ጋርመንት አትክልት ተራ ይገባል፣ እዚያ ይራገፋል፣ ደላላው የራሱን ይጨምርበታል፣ ጅምላ ነጋዴው የራሱን ይጨምርበታል፣ ጫኝና አውራጁ ይከፈለዋል፣ ከዚያ በትንሽ መኪና ተጭኖ መጀመሪያ ጥሎን ወደሄደው ወደ እኛ ይመለሳል። የዚህን ሁሉ ሽርሽር ሂሳብ የምንከፍለው እኛ ነን። ገበሬው ጋ ከዚህ የሚደርስ ነገር የለም። ብዙ ጊዜ ሽንኩርቱ ገና ማሳ ላይ እያለ ደላላ ዋጋውን ቆርጦለት ሄዷል።

አትክልት ተራ ይዘጋ አላልኩም። በ2012 በኮሮና ጊዜ ከፒያሳ ወደ ጃንሜዳ፣ ቀጥሎም ወደ ኃይሌ ጋርመንት ሲዛወር ከተማው ምን ያህል እንደሚደገፍበት ሁላችንም አይተናል። ግን ከደቡብ በኩል የሚመጣው ጭነት ሁሉ የግድ እዚያ ደርሶ መመለስ አለበት የሚል ሕግ የለም፤ ካለም አሳዩን።

እሁድ ገበያ መጀመሩ ትልቅ ነገር ነው። ይህን ሳልል ባልፍ ግፍ ይሆንብኛል። ዘይት፣ ጤፍ፣ ሽንኩርት ከሱቅ ቀነስ ባለ ዋጋ አግኝተንበታል። ችግሩ ሻጩ ማን እንደሆነ ነው። አንድ እሁድ ገበያ ላይ የዩኒየን (የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማህበራት ጥምረት) ባነር ሥር የቆመውን ልጅ «ሽንኩርቱ ከየት ነው?» ብዬ ጠየቅኩት። «ከአትክልት ተራ ነዋ!» አለኝ፣ ምን ዓይነት ጥያቄ ነው በሚል ፊት። የትኛው ገበያ እንደሆነ አልጽፍም፣ ልጁን ለማስቀጣት አይደለም የተነሳሁት። ልጁማ እውነቱን ነው የነገረኝ። ግን ከአምራች በቀጥታ ተብሎ በተሰጠ ቦታ ላይ ነጋዴው ከነዋጋው ከገባ፣ እኛ ያተረፍነው ድንኳኑን ብቻ ነው።

ቀኑም ሌላ ጣጣ ነው። እሁድ ጠዋት ቅዳሴ አስቀድሶ የሚመጣ ሰው ሲደርስ ጥሩ ጥሩው ተመርጦ አልቋል፣ የቀረው የተጨፈለቀ ቲማቲም ነው። ደግሞ ረቡዕና ዓርብ ይጾማል፤ ዐቢይ ጾም ሲገባማ 55 ቀን ሙሉ ድስቱ የሚጣደው በአትክልት ነው። ፍሪጅ በሌለበት ቤት የእሁድ ቲማቲም ዓርብ አይደርስም። ስለዚህ ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ከሰዓት በኋላ አንድ ተጨማሪ ገበያ ጨምሩልን። ከመቂ ባቱ የአትክልትና ፍራፍሬ አምራቾች ዩኒየን ጋር ተነጋግራችሁ አንድ መኪና ቱሉ ዲምቱ ላይ እንዲራገፍ ብታደርጉ፣ መንገዱ እንደሆነ በዚሁ ነው፣ ለነዳጅ እንኳ የሚጨምረው ነገር የለም። የሚያስፈልገው ሜዳ፣ ሚዛንና ጥላ ነው። በለሚ ኩራና በኮልፌ ትልልቅ የገበያ ማዕከላት መገንባታቸውን አይተናል፣ ደስ ይላል፤ ለእኛ ግን ያን ያህል ሕንፃ እስኪሠራ መጠበቅ አያስፈልግም።

«ለምን ሱፐርማርኬት አትሄጂም?» የሚሉኝ አሉ። እሄዳለሁ እኮ! ሰው ለምን እንደሚሄድ ብንጠያየቅ ጥሩ ነው። ማታ 2 ሰዓት ክፍት ነው። ሚዛኑ አይዋሽም። ደረሰኝ ይሰጣል። የሸማቾች ኅብረት ሥራ ማህበር ሱቅስ? እኔ የማውቀው አንዱ 11 ሰዓት ላይ ይዘጋል። ሠራተኛው ሰው ታክሲ ተሰልፎ፣ ተጋፍቶ፣ ቃሊቲን አልፎ ሰፈሩ ሲደርስ ማታ 1 ሰዓት ነው። ፈቃድ ተጠይቆ ቀን የተሄደ እንደሆነ ደግሞ «ኃላፊው ስብሰባ ገብቷል» ነው። ስኳር ስትጠይቁ ያልጠየቃችሁት ሳሙና አብሮ የሚመጣበትም ቀን አለ። እንግዲህ በ2016 የጅምላና የችርቻሮ ንግድ ለውጭ ባለሀብትም ተከፍቷል። ነገ ትልልቆቹ ከነማቀዝቀዣቸው ሲመጡ 11 ሰዓት የሚዘጋ ሱቅ በምን አቅሙ ነው የሚወዳደራቸው? ሱፐርማርኬት ውስጥ በላስቲክ ተጠቅልሎ የሚሸጠው ካሮት አብዛኛውን ጊዜ ከዚያው ከአትክልት ተራ የሄደ ነው፣ ልዩነቱ መታጠቡና ዋጋው ነው። ሸማቾች ይህን ማሸነፍ አያቅተውም ነበር፣ ማታ በሩ ክፍት ቢሆን።

ማታ ክፍት የሆነ ሌላ ሰውም አለ። ጉሊት የሚቸረችሩት እናቶች። የሰፈሩ የማታ ገበያ እነሱ ናቸው፣ ድንችና ሽንኩርት በመደብ በመደብ ደርድረው እስከ ምሽት ይቀመጣሉ፣ ደንብ አስከባሪ ሲመጣ ማዳበሪያቸውን ጠቅልለው ይሮጣሉ። እነሱ ገበሬውን የጎዱት መስሎ የሚታያቸው ሰዎች አሉ፤ እኔ አይታየኝም። እነሱም እንደኛው ከሦስተኛና ከአራተኛ እጅ ነው የሚገዙት። ዩኒየኑ ቱሉ ዲምቱ ላይ ሲያራግፍ ለእነሱ በጅምላ ዋጋ በኩንታልም በግማሽ ኩንታልም ይሽጥላቸው፣ ቦታ ይከለልላቸው፣ ሚዛን ይሰጣቸው። መደቡ በኪሎ ይቀየራል፣ እኛም ከሥራ ስንመለስ ደጃችን ላይ እንገዛለን፣ እነሱም ከመሮጥ ይድናሉ። እንዲህ ቢደረግ የሸማቾች ሱቅ 11 ሰዓት መዝጋቱን እንኳ ይቅር እላለሁ። (ሳሙናውን ግን አልልም።)

በአዋጅ 985/2009 መሠረት ኅብረት ሥራ ማህበር የአባላቱ ነው፣ አንድ አባል አንድ ድምፅ አለው። እስቲ ዕጣ ደርሷቸው ወደ ዳር ሰፈር የገቡ ሰዎችን ጠይቁ፣ ስንቱ ነው አባል መሆን እንደሚችል የሚያውቀው? ጠቅላላ ጉባኤ መቼ እንደሚጠራስ የሚሰማ አለ? ማስታወቂያው ሱቁ ውስጥ ተለጥፎ ከቀረ የሚያነበው ሱቁ ውስጥ ያለው ሰው ነው። በየብሎኩ ኮሚቴ አለ፣ ለእነሱ ስጡልን። ሁሉም ብሎክ የቴሌግራም ግሩፕ አለው።

የመጨረሻው ስለ ጎመን ነው፣ ትንሽ ያሳስበኛል። የአካባቢ ምርት እንግዛ ስንል ከአቃቂ ወንዝ ዳር የሚመጣውም የአካባቢ ምርት ነው። ወንዙ የፋብሪካውንም የቆዳ ፋብሪካውንም የመጸዳጃውንም ፍሳሽ ተሸክሞ እንደሚወርድ የማያውቅ የለም፣ በዚያው ውኃ ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ ይለማል። አምራቾቹ ሌላ ውኃ የላቸውም፣ በእነሱ አልፈርድም። ግን ከሆለታ የመጣ ጎመንና ወንዝ ዳር የበቀለ ጎመን አንድ ላይ ተቀላቅሎ ሲሸጥ ለልጄ የትኛውን እንደገዛሁ አላውቅም።

ስለዚህ በጀት የማይጠይቀውን ከአሁኑ ጀምሩልን። በየሸማቾች ሱቁና በየእሁድ ገበያው ድንኳን ላይ በእጅ የተጻፈ አንድ ወረቀት ይለጠፍ፦ ምርቱ ከየት መጣ፣ የትኛው ዩኒየን አመጣው፣ መቼ ገባ፣ ከአምራቹ በስንት ተገዛ፣ በስንት ይሸጣል። ጤፉ የአድአ ከሆነ የአድአ ይባል፣ የበቾ ከሆነም የበቾ። ክረምት ሲገባ ሽንኩርት እንደሚወደድ እናውቃለን፣ ወረቀቱ ላይ ዋጋው ጨምሮ ብናይ አንጮህም። ወረቀቱ ባዶ ሲሆን ግን ፎቶ አንስተን ለእናንተ እንልካለን፣ የምንልክበትን ስልክ ብቻ ንገሩን።

ከአክብሮት ጋር፣
ቱሉ ዲምቱ አካባቢ የምኖር ሸማች