ብልጭ ድርግም ሲል የከረመው ሚኒ ሚዲያ
የ2017 ዓ.ም. የክበባት ዘገባ፤ ከሚኒ ሚዲያ ክበብ ተጠሪ መምህር

የሚኒ ሚዲያ ክበባችን ዘንድሮም እንደ ወትሮው በሰልፍ ሰዓት ዜና አንብቧል። የአድዋ በዓልን መድረክ መርቷል። አልፎ አልፎ የሚጮኸውን ድምፅ ማጉያም እያባበለ ዓመቱን ጨርሷል። ይህን በየዓመቱ ስለምንጽፈው እዚህ ላይ አልቆይም። ዘንድሮ ለየት ያለችው ድሮኗ ናት። በትክክል ለመናገር፣ ድሮኗ የቀረፀችው ዓይን የሚያደክም፣ ብልጭ ድርግም የሚል ቪዲዮ ነው።

ድሮኗን ያበረከቱልን ከአሜሪካ የተመለሱ አንድ የተማሪ ወላጅ ናቸው። ክብደቷ 249 ግራም ነው፤ መዳፍ ላይ ትቀመጣለች። በአገራችን ድሮን ለማስገባትም ለማብረርም ፈቃድ ስለሚጠየቅ፣ የማስገቢያውን ጣጣ ጨርሰው ነው ያስረከቡን። ልጆቹ ግን አንድም ቀን አላበረሯትም። ፕሮፔለሮቿን ነቅለን፣ እንጨት ጫፍ ላይ አስረን፣ አዳራሽ ውስጥ ካሜራ ብቻ አደረግናት። ሞተሯ ባይነሳም ትቀርፃለች። ቶሎ መጋሏ ነው ችግሩ፤ ስትበር የሚያቀዘቅዛት ነፋስ የለማ! ስለዚህ አንድ ተማሪ ካርቶን ይዞ እያራገበላት ከኋላ ይከተላል። ያየን ሁሉ ይስቅ ነበር።

ጥቅምት ላይ የባህል ጭፈራ ልምምድ ቀረፅን። ቪዲዮው ሲከፈት ጥቋቁር ሰንበሮች ማያው ላይ ይንሸራተታሉ። ግድግዳው ይርገበገባል። ጨፋሪዎቹ ደህና ናቸው፤ ብርሃኑ ግን አብሮ የሚጨፍር ይመስላል። "ቲቸር፣ ተበላሽታ ነው የሰጡን!" አለ አንዱ። ሌላው ወዲያው ምን ዓይነት ድሮን መገዛት እንዳለበት መዘርዘር ጀመረ። እኔ የፊዚክስ መምህር ነኝ፤ የክበቡንም በጀት አውቀዋለሁ። ሁለቱም "ቆይ፣ መጀመሪያ እንመርምር" አሰኙኝ።

ምርመራው የተጀመረው በስልክ ነው። አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ የአዳራሹን ፍሎረሰንት በስልኳ ስሎው ሞሽን ቀረፀችው፤ በሰከንድ 240 ፍሬም (ነጠላ ምስል) የሚይዝ ነው። ለዓይን ፀጥ ብሎ የሚበራው መብራት በቪዲዮው ላይ ይደምቃል፣ ይፈዛል፣ ይደምቃል። የእጅ ባትሪ አበርታ ቀረፀች፤ ምንም የለም። የድሮውን ባለ ክር አምፖል ቀረፀች፤ ትንሽ ብቻ ነው የሚርገበገበው። ክሩ ቶሎ ስለማይቀዘቅዝ ነው። "ታዲያ ካሜራዋ ምን አጠፋች?" አለች። ክፍሉ ዝም አለ። ከዚያ በኋላ አዲስ ድሮን ይገዛ ያለ አልሰማሁም፤ ቢያንስ እስከ ጥር።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአገራችን ኤሌክትሪክ በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል። በእያንዳንዱ ዙር ጉልበቱ ሁለቴ ከፍ፣ ሁለቴ ዝቅ ይላል። ስለዚህ ባለ ድሮ ባላስት (ጅረት መቆጣጠሪያ) ፍሎረሰንትና ርካሽ ኤልኢዲ በሰከንድ 100 ጊዜ ይደምቃሉ፣ ይፈዛሉ። ዓይናችን ይህን አያየውም። ካሜራው ግን ያየዋል፤ ያውም ምስሉን በአንድ ጊዜ ሳይሆን መስመር በመስመር ከላይ ወደ ታች ስለሚያነብ። መብራቱ በፈዘዘበት ቅጽበት የተነበቡት መስመሮች ጠቆር ይላሉ። ሰንበሩ የሚመጣው ከዚህ ነው።

ድሮኗ የመጣችው ደግሞ መብራቱ 60 ሄርዝ (በሰከንድ 60 ምልልስ) ከሆነበት አገር ነው። ሴቲንጓ እንዳለ ነበር፤ በሰከንድ 30 ፍሬም፣ የመብራት መርገብገብ መከላከያዋም 60 ላይ። 100ን ለ30 ሲያካፍሉት 3 ይደርስና 10 ይተርፋል። ያ ትርፍ ነው በሰከንድ አሥር ጊዜ የሚያርገበግበው። ለ25 ሲያካፍሉት ግን እኩል 4 ነው፤ ትርፍ የለም። ይህን ሰሌዳ ላይ ስንሠራው፣ ሒሳብ የማይወደው ልጅ ሳይቀር ደብተሩን ከፈተ።

ወደ 25 ፍሬም ቀየርን። ሰንበሩ አልጠፋም፤ ቆመ። እኔን በዓመቱ ከሁሉ በላይ ያስደሰተኝ ይህ ነው። ልጆቹ "አልሠራም" ብለው ሊተዉት ሲሉ፣ አንዱ "ቆይ፣ መንሸራተቱን ትቷል እኮ" አለ። ልክ ነው። ፍሬሙና መብራቱ ተስማምተዋል፤ የቀረው ሻተሩ፣ ማለትም ካሜራው ለእያንዳንዱ ምስል ብርሃን የሚሰበስብበት ጊዜ ነው። ሻተሩ 1/50 ሰከንድ ሲሆን እያንዳንዱ መስመር ሁለት ሙሉ ብልጭታ ይይዛል፤ 1/100 ሲሆን አንድ ሙሉ። የትኛውም መስመር ከሌላው ያነሰ ብርሃን አያገኝም። 1/50 ላይ አደረግነው፤ ግድግዳው ጠራ። ይገርማል፣ ሻተሩ 1/50 ከሆነ በ30 ፍሬምም ቢሆን መርገብገቡ ይጠፋል። ሻተሩን በእጅ ማስተካከል የማያስችል ካሜራ ያለው ሰው ግን ቢያንስ የመብራት መከላከያውን 50 ላይ ያድርግ።

ዘመድ ከውጭ ካሜራ ወይም ድሮን ለሚያመጣላችሁ ወላጆች አንድ ነገር ልጨምር። አውሮፓ፣ እስራኤልና ዱባይ እንደ እኛው 50 ናቸው። አሜሪካና ሳዑዲ ዓረቢያ 60 ናቸው። ጃፓን ደግሞ ምሥራቁ 50፣ ምዕራቡ 60 ነው። ዕቃው ከየት እንደመጣ መጠየቅ አይከፋም።

ጥር ላይ ከሜዳው የስፖርት ውድድር ጋር ሌላ ዙር ችግር መጣ። የቀድሞ ተማሪያችን የሆነ፣ ፈቃድ ያለው ድሮን አብራሪ ውድድሩን ከላይ ቀርፆ፣ ምንም ሳይነካው እንዳለ ቪዲዮውን ሰጠን። ከቤት ውጭ ነው፤ ፍሎረሰንት የለም። ሆኖም ቪዲዮው አሁንም ያርገበግባል። ልጆቹ የለመዱትን መልስ ይዘው መጡ፤ 50 ሄርዝ! እኔ ዝም አልኩ።

ያገኙት ራሳቸው ናቸው። መርገብገቡ የሚታየው ድሮኗ ወደ ፀሐይ ዞራ ስትበር ብቻ ነው። ስትመለስ ይጠፋል። ለካ የፕሮፔለሮቹ ጥላ ነው። የጠዋት ፀሐይ ዝቅ ብላ ከፊት ስትመጣ፣ የሚሽከረከረው ፕሮፔለር ብርሃኑን እየቆራረጠ ሌንሱ ላይ ጥላ ይጥላል። ድሮን ወደ ፊት ስትፈጥን ደግሞ አፍንጫዋን ደፋ ስለምታደርግ ይብሳል። መፍትሔው ፀሐይን ከኋላ ማድረግ፣ ፍጥነት መቀነስ ወይም ካሜራውን ወደ ታች ማዘንበል ነው። አብራሪው ሲነገረው ሳቀና "እኔ ይህን ለማወቅ ስንት ጊዜ ፈጀብኝ" አለ።

በዚያው ቪዲዮ ላይ የሰፈሩ ቆርቆሮ ጣሪያዎች ሲታዩ ሌላ ጉድ አለ። ጣሪያው ላይ ቀስተ ደመና መሰል መስመሮች ይርመሰመሳሉ። ይህ ከብርሃን ጋር አይገናኝም። የቆርቆሮው ጎድጓዳ መስመሮች ሲርቁ በጣም ይቀራረባሉ፤ ካሜራው ካሉት ነጥቦች በላይ ይደቅቃሉ። ሁለቱ ሲጋጩ በእውን የሌለ መስመር ይፈጠራል። ከፍታውን ወይም አቅጣጫውን መቀየር፣ የምስሉን ስለት መቀነስ፣ ከተቻለም በ4ኬ (ብዙ ነጥብ ባለው ምስል) መቅረፅ ይረዳል። ሁሌም አይጠፋም። እንደ አዲስ አበባ ቆርቆሮ የሞላበት ከተማ ለሚቀርፅ ሰው ይህ የዕለት እንጀራው ነው።

ቀትር ላይ የተቀረፀው ሩጫ ደግሞ ሯጮቹ ቆርጠው የሚዘሉ ይመስላሉ። ሻተሩን ብናይ 1/3200። ፀሐዩ ሲበረታ ካሜራው ሻተሩን ራሱ ያፈጥነዋል፤ የሌንሷ ቀዳዳ ደግሞ አይጠብም አይሰፋም። እያንዳንዱ ምስል ደርቆ ይቀራል፣ እንቅስቃሴው አይያያዝም። እዚህ የሚያስፈልገው ለሌንስ መነጽር የሆነው ኤንዲ ፊልተር ነው። ኤንዲ 64 ብርሃኑን ወደ አንድ ስልሳ አራተኛ ስለሚያወርደው፣ 1/3200 የነበረው ወደ 1/50 ይመጣል። አብራሪው ቦርሳው ውስጥ ይዞት ነበር፤ "ቸኩዬ ነው" አለ። ማንም የማይቸኩልበት የስፖርት ውድድር አላየሁም።

ራሱ የሚያስተካክል ኤክስፖዠርን (የምስሉን የብርሃን መጠን) ነገር አጠር ላድርገው። ካሜራው ከመስኮት ወደ ጨለማ ግድግዳ ሲዞር ይደምቃል፣ ሲመለስ ይጨልማል። ከቀዩ መጋረጃ ወደ ነጩ ግድግዳ ሲሄድ ቀለሙም ይቀያየራል። ብርሃኑንም ቀለሙንም ቆልፎ መቅረፅ ነው።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሰለቸኝ ምንም ያልተበላሸ ቪዲዮ ነው። በየሳምንቱ "ጥራት የለውም" የሚል ይመጣል። ከየት አየኸው? ከቴሌግራም። ቴሌግራም ላይ እንደ ቪዲዮ ሲላክ ይጨመቃል፤ እንደ ፋይል ሲላክ ግን እንዳለ ይደርሳል። ሌላዋ "ይቆራረጣል" አለች። የላብራቶሪው አሮጌ ኮምፒውተር 4ኬ መክፈት አቅቶት ነው። ሌላው ሲቀርፅ ስልኩ ላይ ያየውን የተንተባተበ ምስል ይዞ ይጨነቃል፤ እሱ በአየር የሚመጣው ማሳያ እንጂ የተቀረፀው አይደለም። በመጨረሻ ሰሌዳው ላይ በትልቁ ጻፍን፦ መጀመሪያ ካርዱን ክፈት። በሜሞሪ ካርዱ ላይ ያለው ዋናው ቪዲዮ በጥሩ ማሽን ተከፍቶ ካልታየ፣ ስለ ጥራት ማውራት በክበባችን ክልክል ነው።

አንዴ ግን ካርዱ ራሱ ነበር ጥፋተኛው። ቀረፃው መሃል ላይ ይቆማል፣ ፍሬም ይዘላል። ድሮኗ በሰከንድ እስከ 100 ሜጋቢት ትጽፋለች፤ ይህ 12.5 ሜጋባይት ነው። ካርዱ ላይ የተጻፈው ፍጥነት ከዚህ በላይ ነበር፤ ስንፈትነው አልደረሰም። ከመንገድ ዳር የተገዛ ነው። አሁን ቪ30 የሚል የመጻፍ ፍጥነት ምልክት ያለው ካርድ እንጠቀማለን፤ ከመጠቀማችን በፊትም እንፈትነዋለን። ዓመቱን ሙሉ የገዛነው ዕቃ ይኸው ነው።

የወላጆች ቀን በመጣ ጊዜ ልጆቹ ሁሉን አዘጋጅተው ጠበቁ። ፕሮግራሙ ተጋመሰና መብራት ጠፋ። ጄነሬተር ተነሳ። በ1/100 ስትቀርፅ የነበረችው ድሮን ላይ ሰንበሩ ተመልሶ መጣ፤ ቀስ እያለ ይንሸራተታል። ጄነሬተር ጭነት ሲበዛበትና ሲቀልለት ፍጥነቱ ስለሚዋዥቅ 50 ላይ አይረጋም። አንዱ ማንንም ሳይጠይቅ ሻተሩን ወደ 1/50 አወረደው፤ ፈዛዛ ሰንበሩ ግን አልጠፋም። ቪዲዮውን ያዩ ወላጆች ምንም አላስተዋሉም። እኛ ግን የት ቦታ ላይ እንደሆነ እናውቃለን።

ለ2018 ምዝገባው በመስከረም ነው፤ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያለ ሁሉ መመዝገብ ይችላል። የማይጠቀሙበት፣ ስሎው ሞሽን ያለው ስልክ ያላቸው ወላጆች ቢለግሱን በደስታ እንቀበላለን። የ10ኛ ክፍሏ ተማሪ ከወዲሁ ዕቅድ ይዛለች። በ25 ፍሬም ሰንበሩ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚያልፍ ቆጥራ፣ ለሁለት አካፍላ፣ ጄነሬተሩ ከ50 ሄርዝ ምን ያህል እንደራቀ ልታሰላ ነው። የጄነሬተሩን ኃላፊ አነጋግረናቸዋል። ተስማምተዋል፤ ነዳጁ ግን ከክበቡ በጀት ይሁን ብለዋል።