ስለ እናትሽ ሕመም፣ ከሰበታ

ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ሰንብተሻል? በስልክ የነገርሁሽ እየተቆራረጠ ስለ ደረሰሽ፣ ሐኪሞች የሃሺሞቶ ኢንሴፋሎፓቲ የሚሉትን፣ ከታይሮይድ (ከአንገት ዕጢ) ሕመም ጋር የተያያዘ የአንጎል መታወክ የሆነውን የእናትሽን ሕመም ከመነሻው ጽፌ ላስረዳሽ ወደድሁ፤ የታይሮይድ ሕመም በቤተሰብ ውስጥ የሚደጋገም በመሆኑ ነገሩ አንቺንም ይመለከታል።

አንድ ቀን የጎረቤት ስም እየጠፋት ስትቀባዥር፣ እጇም በድንገት ሲፈናጠር ውሎ፣ በማግስቱ ምንም እንዳልነካው ሰው ደኅና ስትሆን፣ ሰፈሩ ሁሉ የመሰለውን ተናገረ። እንዲህ እየሄደ መመለሱ የዚህ ሕመም አንዱ ጠባይ መሆኑን ያስረዱን የነርቭ ሐኪሟ ናቸው። ጠበሉን አልነቅፍም፤ አንቀጥቅጦ ሲጥላት ግን ሐኪም ቤት መድረስ ነበረባት።

ጃፓናዊው ሐኪም ሃሺሞቶ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1912 በገለጸው ሕመም፣ የሰውነት መከላከያ የራሱን የታይሮይድ ዕጢ ያጠቃል። አልፎ አልፎ አንጎልም አብሮ እንደሚታወክ በ1966 ተጻፈ። አሳሳቹ ነገር የሆርሞኑ መጠን ደኅና ሆኖ ሊገኝ መቻሉ ነው፤ የእናትሽም እንዲሁ ነበር፤ ከልክ በላይ የተገኘው ፀረ ቲፒኦ የተባለው፣ ዕጢውን የሚቃወም የደም ፀረ እንግዳ አካል ነው። እርሱም በብዙ ጤነኞች ደም ውስጥ ስለሚገኝ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ምርመራው ለምን ረዘመ ብለሽ የጠየቅሽኝም መልሱ ይኸው ነው፦ ማጅራት ገትርን፣ ቲቢን፣ ኤችአይቪን፣ ስትሮክን፣ የጨውና የስኳር መዛባትን አንድ በአንድ ሳያጣሩ ይህን ስም መስጠት አይገባም። መሀል ከተማ ወስደን ኤምአርአይ የተባለውን የአንጎል ምስል አስነሣናት፣ ከጀርባዋም ፈሳሽ ተቀዳ።

ሕክምናው በደም ሥር የሚሰጥ ሜቲልፕሬድኒሶሎን የተባለ፣ የሰውነት መከላከያን የሚያበርድ የስቴሮይድ መድኃኒት ነው፤ የተለመደው መጠን በቀን 1 ግራም ሆኖ ከ3 እስከ 5 ቀን ይቆያል። ሁሉም በሽተኛ አይሻለውም፤ ላልተሻለው ሌላ መንገድ ይፈለጋል። እናትሽ ግን፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ልቧ ተመልሶ ስምሽን ጠራች። አሁን የምትወስደው የዚያው ዓይነት መድኃኒት፣ የፕሬድኒሶሎን ኪኒን፣ በሐኪም ትእዛዝ ለወራት ቀስ በቀስ የሚቀነስ ነው፤ በድንገት ማቋረጥ ለሕይወት ያሰጋል፣ ሕመሙም ሊያገረሽ ይችላል። ስኳርና የደም ግፊት ስለሚጨምር በየጊዜው ትለካለች፤ ትኩሳት ከያዛትም ቀን አንቀጥርም።

አንቺም የታይሮይድ ምርመራ አድርጊ። እኔ በሌለሁበት ወደ ድንገተኛ ክፍል ብትወስጃት ይህ የሃሺሞቶ ሕመም እንዳለባትና ፕሬድኒሶሎን እንደምትወስድ ከሁሉ አስቀድመሽ ተናገሪ፤ ወረቀቶቿ በቁም ሣጥኑ የላይኛው መሳቢያ ውስጥ ናቸው።

አባትሽ