«የተመረጡትን ብቻ እንጠራለን» ለሚሉ ቀጣሪዎች

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። ጋዜጣችሁን ከኋላ ወደ ፊት ከሚያነቡት አንዷ ነበርኩ። መጀመሪያ የክፍት የሥራ ቦታ ገጹን፣ ጊዜ ከተረፈኝ ዜናውን። አሁን ሥራ ይዣለሁ፤ ስለዚህ ይህን የምጽፈው ሆድ ብሶኝ አይደለም። እልህ ግን አለብኝ፣ አልደብቅም።

ሙያዬ ሂሳብ ነው። አንድ የጤና ፕሮጀክት ውስጥ ለዓመታት ሠርቻለሁ። ጥር 2017 ላይ የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ዕርዳታውን ሲያቆም የእኛም ፕሮጀክት አብሮ ቆመ። ያኔ ጤና ሚኒስቴር ብቻ በዚያ ገንዘብ የቀጠራቸውን የ5,000 ሠራተኞች ውል ማቋረጡ ይታወሳል። የእኔ ቢጤው ብዙ ነበር ማለት ነው። ሁላችንም ሲቪያችንን ይዘን ባንዴ ገበያ ወጣን።

አልተቀጠርኩም ብዬ ማንንም አልወቅስም። ለአንድ ቦታ ስንት ሰው እንደሚሰለፍ አውቃለሁ። የሚያበግነኝ ዝምታው ነው። ማመልከቻው ደርሷል የለም። ቦታው በሌላ ሰው ተይዟል የለም። አልተመረጥሽም የለም። ማስታወቂያው ግርጌ ላይ «የተመረጡትን ብቻ እንጠራለን» ብለው ከጻፉ በኋላ ግዴታቸውን የጨረሱ ይመስላቸዋል።

አንድ ፋብሪካ «በአካል ቀርባችሁ አመልክቱ» አለ። ከጀሞ ቃሊቲ ድረስ ታክሲ እየቀያየርኩ ሄድኩ። ዲግሪ፣ ስቱደንት ኮፒ፣ የሥራ ልምድ፣ ፋይዳ፣ ሁሉንም ዋናውንና የማይመለስ ኮፒውን ይዤ። ግቢ ውስጥ መግባት የለም። በሩ ላይ ያለው ጥበቃ ከወንበሩ ሥር የውሃ ካርቶን ጎተተና «እዚህ ጣል አድርጊው» አለኝ። ካርቶኑ ከመሙላቱ የተነሳ ፖስታዎቹ ወደ ጎን ተንሸራተዋል። አንደኛው ላይ የሻይ ብርጭቆ ተቀምጦበት ክብ ምልክት ትቶበታል። «መዝገብ ላይ አትፈርምልኝም?» አልኩት። «እህቴ፣ እኔ ጥበቃ ነኝ» አለኝ። ዞር ስል ደግሞ ከኋላዬ «ይቅናሽ!» አለ። ከዚያ ግቢ የሰማሁት መልካም ቃል እሱ ብቻ ነው። ከፋብሪካው እስከ ዛሬ ድምፅ የለም።

እነዚያ ኮፒዎች የት እንደሚገቡ አስቤ አላውቅም ነበር። አንድ ቀን ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ቆሎ ገዛሁ። የተጠቀለለበትን ወረቀት ስዘረጋው የአንድ ልጅ ስቱደንት ኮፒ ሆኖ አገኘሁት። ሙሉ ስሙ አለ፣ የትውልድ ዘመኑ አለ፣ የማክሮ ኢኮኖሚክስ ውጤቱ ሳይቀር አለ። ሲ ፕላስ ነው ያመጣው። ከየትኛው መሥሪያ ቤት እንደወጣ ምልክት የለውም፤ ግን የአመልካች ወረቀት መሆኑን ለማወቅ ነቢይ መሆን አያስፈልግም፣ ጥጉ ላይ በእስክሪብቶ የመዝገብ ቁጥር ተጽፎበታል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሚባል ሕግ አለን እኮ። የሰው መረጃ ለተሰበሰበበት ዓላማ ብቻ ይውላል፣ ከሚያስፈልገው ጊዜ በላይ አይቀመጥም ይላል። ከቆሎ ጋር ይሸጣል አይልም።

ባንኮቹ ደግሞ ሌላ ናቸው። አንዱ ባንክ በጎግል ፎርም አስመዘገበን። ፎርሙን ሞልቼ ስጨርስ «ምላሽዎ ተመዝግቧል» የሚል ጽሑፍ መጣ። አበቃ። እኔ የዚያው ባንክ ደንበኛ ነኝ። ከሒሳቤ አምስት ብር ስትቀነስ ስልኬ ላይ ወዲያው መልእክት ይገባል፣ ሌሊትም ቢሆን። ገንዘቤ ሲነካ በሴኮንድ የሚነግረኝ መሥሪያ ቤት፣ ፈተና ተጠርቼ እንደሆነና እንዳልሆነ ለመንገር ቴክኖሎጂ አጠረው? ኋላ ላይ ፈተናው ካለፈ በኋላ ነው በቴሌግራም የሰማሁት።

የወንድሜ ሚስት አንድ የግል ድርጅት የሰው ኃይል ክፍል ትሠራለች። ይህን ሳወራላት ተቆጣች። «ለአንድ ሂሳብ ሠራተኛ ይህን ያህል ሕዝብ ሲያመለክት ለማን ለማን ልደውል? እኛ ሁለት ሰው ነን» አለችኝ። እውነቷን ነው። ግን ደውሉ ያለ የለም። ለሁሉም አንድ አጭር የጅምላ መልእክት ይበቃል። ድሮ አራት ኪሎ ጋዜጣ ተከራይተን አስፋልት ዳር ተቀምጠን ማስታወቂያ ስንገለብጥ፣ መሥሪያ ቤቶች ውጤት ሰሌዳ ላይ ይለጥፉ ነበር። ያለፈ፣ የወደቀ፣ ተጠባባቂ። ሰሌዳው ሥር ተጋፍተን ስማችንን አጥተን እንመለሳለን፤ ግን ሰው ቁርጡን አውቆ ይመለሳል። ያኔ ኮምፒውተር እንኳ በወጉ አልነበረም።

በዚህ ሁሉ መሃል በወጉ መልስ የሰጠችኝ አንዲት ሴት ብቻ ናት። አንድ አስመጪ ድርጅት ኢንተርቪው አድርጎኝ ነበር። በሳምንቱ ደወለች። «ልምድሽ ደህና ነው። እኛ ግን የምንጠቀመው የሂሳብ ሶፍትዌር ፒችትሪ ነው፣ አንቺ የሠራሽው በኩዊክቡክስ ነው። አሠልጥነን ለመጠበቅ ጊዜ የለንም፣ ይቅርታ» አለችኝ። አልከፋኝም ብል ውሸት ነው። ግን በማግስቱ ሜክሲኮ አካባቢ የፒችትሪ አጭር ሥልጠና ተመዘገብኩ። ዛሬ የምሠራበት ቦታ መጀመሪያ የጠየቁኝ ጥያቄ ምን መሰላችሁ? «ፒችትሪ ትችያለሽ?» ያቺን ሴት ባገኛት ቡና እጋብዛት ነበር።

ዛሬ የምሠራበትን ቦታ ግን ያገኘሁት በማስታወቂያ አይደለም። የድሮ አለቃዬ ለድርጅቱ ባለቤት ስሜን ሰጥታው ነው። በሰው በሰው መሆኑ ነው። ለካ ሰው ሁሉ «ዘመድ የሌለው አይቀጠርም» የሚለው ዝም ብሎ አይደለም። ማስታወቂያ መልስ ከሌለው ሰው ምን ያድርግ? ቦታው ቀድሞ ለአንድ ሰው ተይዟል፣ ማስታወቂያው ለፎርማሊቲ ነው ብሎ ይጠረጥራል። ጥርጣሬው ልክ ሆነም አልሆነም የሚያጠራው የለም። እናም በቀጥታ ማመልከቱን ትቶ የሚያውቀውን ሰው ማፈላለግ ይጀምራል። እኔም ያደረግሁት ይህንኑ ነው፣ ደግሞም ሠራ።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁን፣ 1156/2011ን፣ አንድ ቅዳሜ ቁጭ ብዬ አነበብኩት። የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም ይላል። አመልካች መልስ ያገኛል የሚል ግን አላየሁበትም። ስለዚህ ሕግ እስኪመጣ አልጠብቅም፣ እናንተን ልጠይቅ።

ማስታወቂያውን የምትቀበሉት እናንተ ናችሁ። ገንዘቡንም የምትቀበሉት እናንተ ናችሁ። ድርጅቱ ሁለት ነገር እንዲጽፍ ብትጠይቁት አንድ መስመር ቢጨምር ነው፦ ደመወዙን በቁጥር፣ «በስምምነት» ሳይሆን፤ እና ለሁሉም አመልካች በጽሑፍ መልእክት መልስ የሚሰጥበትን ቀን። የማይጽፍ ካለ ማስታወቂያውን አታውጡ አልልም፣ እናንተም ደመወዝ መክፈል አለባችሁ። የሚጽፉትን ግን ከላይ አስቀምጡልን፣ ዓይናችን መጀመሪያ እዚያ ይረፍ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ቅር እንዳይላችሁ። ባለፈው ጋዜጣችሁ አራሚ ሲፈልግ ማስታወቂያ አውጥቶ ነበር። ግርጌው ላይ ያቺው ዓረፍተ ነገር አለች። እህቴ አመልክታ ነበር፣ እስካሁን እየጠበቀች ነው።

አክባሪያችሁ
የሂሳብ ሠራተኛ፣ ከጀሞ