ስልኩ የእማዬ ነው

ለማሬ፣

እንደምን ከርማችኋል? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ሰላምታዬን ለሁሉም አድርሺልኝ፤ በስም እየጠራሁ ወረቀቱን አልጨርስም። ይህን የምታመጣልሽ ልጅ በረራዋ ነገ ሌሊት ስለሆነ እየተጣደፍኩ ነው የምጽፍልሽ።

ትንሿ ካርቶን ውስጥ ያለው የደም ግፊት መለኪያ ነው። ነጯ ካርቶን ውስጥ ያለው ስልክ የእማዬ ነው። ያንቺ አይደለም! ካሜራውን አይተሽ እንዳትጎመጂ። ለሠርግሽ የሚሆን ብር በባንክ ልኬያለሁ። የእማዬን መድኃኒት ግዢበት፣ የቀረውን እንደፈለግሽ አድርጊው። ትንሽ ነው አትበዪኝ ብቻ።

በድምፅ የላክሽውን መልእክት ሰምቼዋለሁ። «ሰው ሲያልፍለት ዘመዱን ይረሳል» ያልሽውን። ይሁን፣ ታላቅሽ ነኝና እችለዋለሁ። ግን ነገሩን ስሚና ከዚያ ፍረጂ። እዚህ ኤምሬትስ በዋትሳፕ ጽሑፍ ይሄዳል፣ ፎቶ ይሄዳል፣ የተቀዳ ድምፅም ይሄዳል። ጥሪው ግን ዝግ ነው። አንቺ ስትደውዪ እኔ ጋ ይጮኻል፤ ሳነሳው ድምፅ የለም። አንቺ ደግሞ አንስታ ዘጋችብኝ ትያለሽ። የሚሠራው እንደ ቦቲም ያለው የተፈቀደው የመደወያ አፕ ነው፣ ለእሱም ጥቅል ይገዛል። ጥቅሉ ሲያልቅ ዝም እላለሁ። አለቀ፣ ሌላ ምስጢር የለውም።

አዲስ አበባ ያለው ወንድማችን «የተዘጋውን የሚከፍተውን ቪፒኤን ጫኚና ተገላገዪ» ይለኛል። እናንተ ጋ ቪፒኤንን ሕፃኑም ያውቀዋል። እዚህ ግን ቪፒኤንን ለተከለከለ ነገር ተጠቅሞ የተያዘ ሰው ቅጣቱ ከ500 ሺህ ድርሃም ይጀምራል። ደሞዜን ታውቂያለሽ፣ በስንት ዓመት ከፍዬ እንደምጨርስ አስሊልኝ።

ደግሞስ ጠፍቼ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ እንዴ? በ2015 ክረምት የሞባይል ኢንተርኔቱ ሲቋረጥባችሁ ስንት ወር ፊታችሁን ሳላይ ከረምኩ? በመደበኛው ስልክ ስደውል «ደህና ናችሁ? ደህና ነን» ሳንባባል ሒሳቡ ያልቃል። አንድ ቀን ዋይፋይ ፍለጋ ሐይቁ ዳር ያለ ሆቴል ሄደሽ፣ ማኪያቶ አዘሽ ደወልሽልኝ። ትዝ ይልሻል? አንቺ ስለ ጤፍ ዋጋ ታወሪያለሽ። እኔ ከትከሻሽ በላይ ጣናን ነው የማየው። ደንገሉ ይወዛወዛል። አንድ ሰው ታንኳውን እየቀዘፈ ከግራ ገብቶ በጆሮሽ በኩል ወጣ። «እየሰማሽኝ ነው?» ስትዪ «አዎ» አልኩሽ። አልሰማሁሽም ነበር።

እሺ፣ ወደ ሠርግሽ። ደስ ብሎኛል። በጣም። ሽማግሌዎቹ የመጡ ዕለት ስልኩን ቴርሞሱ ላይ አስደግፋችሁልኝ ያየሁት ጉልበታቸውንና አንድ ጥቁር ጃንጥላ ነው። ትልቁ ሰውዬ «ልጃችሁን ለልጃችን» ሲሉ መስመሩ ተቆረጠ። ሲመለስ ሁሉም እየበሉ ነበር። እንግዲህ መስማማታችሁን ያወቅሁት ከቀረበው ወጥ ነው። ልጁን ግን ወድጄዋለሁ። ሲያናግረኝ አይቸኩልም፤ «እትዬ» ሲለኝም ከአፉ ያምርበታል። የጎንደር ሰው መሆኑም ግድ የለም፣ ጣናን እንደሆነ ተካፍለነዋል።

አንድ ነገር ብቻ እለምንሻለሁ። የሠርጉ ዕለት በቪዲዮ እናሳይሽ አትበሉኝ። አውቀዋለሁ። ስልኩ ከእጅ እጅ ይዞራል፣ ሰው ሁሉ ፊቱን አስጠግቶ «አወቅሽኝ?» ይለኛል፣ ከበሮው ይቆራረጣል፣ ሙሽራዋን ሳላያት ባትሪው ያልቃል። ከቤት ስትወጪ የእማዬን ጉልበት ስትስሚ አንድ ሰው ቆም ብሎ ይቅረጽልኝ። በኋላ ዋይፋይ ስታገኙ ላኪልኝ። እሷን ብቻ ነው የምፈልገው። ማታ ሥራ ስጨርስ በጸጥታ አያታለሁ።

ከዚህ በታች ያለውን ለራስሽ አንብቢ። እማዬ «ምን ይላል?» ካለችሽ «ሰላምታ ነው» በያት።

ባለፈው ቡና ስትጠጡ እማዬ ስኒውን ያነሳችው በግራ እጇ ነው። ቀኙን ነጠላዋ ውስጥ ከታዋለች። በግራችን ስንጎርስ ትቆጣን የነበረችው ሴትዮ! «እጅሽን ምን ሆነሽ ነው?» ስላት «ኔትወርኩ ነው» አለችኝ። አንቺም ቀበል አድርገሽ «ካሜራው እኮ ገልብጦ ነው የሚያሳየው» አልሽ። ማሬ፣ ካሜራው የሚገለብጠው ለባለቤቱ ነው እንጂ ለሚያየው ሰው አይደለም። ከጀርባዋ የተሰቀለው የቀን መቁጠሪያ ቀጥ ብሎ ይነበበኝ ነበር።

ለምን እንደምትደብቁኝ አውቃለሁ። «ብትሰማ ምን ታደርጋለች፣ ከማሰብ በቀር» ነው። ግን ሳላውቅ የማስበው ይብሳል። ደም ግፊት ያለበት ሰው አንድ እጁ ሲደክም፣ አፉ ወደ ጎን ሲል፣ ንግግሩ ሲተሳሰር ነገ ዛሬ አይባልም። ይሄ ደብዳቤ በደረሰሽ ዕለት ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል ውሰጃትና ሐኪም ይያት። ጸበሏን ትጠጣ፣ መድኃኒቷንም ትዋጥ፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም። መለኪያውን ስትጠቀሚ መጀመሪያ አምስት ደቂቃ ዝም ብላ ትቀመጥ። ቡና ከጠጣች ግማሽ ሰዓት ይለፋት። (እሷ ቡና ያልጠጣችበት ግማሽ ሰዓት ካገኘሽ ማለቴ ነው።) የላይኛው ቁጥር ከ180 ካለፈ ለእኔ ለመንገር አትደውዪ፣ ባጃጅ ጥሪ።

እኔን በተመለከተ የምደብቅሽ ነገር የለም። «ሁልጊዜ ከኋላሽ አንድ ነጭ ግድግዳ ነው» ትይኛለሽ። ልብስ ማጠቢያው ክፍል ነው። ዋይፋዩ እዚያ ይሻላል፣ በሩም ይዘጋል። መቀመጫም አለው።

አሁን የሚያስጨንቀኝን ልንገርሽ፣ እንዳትቀየሚኝ። ጎንደር ስትሄጂ የእማዬን ስልክ ማን ያነሳል? እስከዛሬ እሷን ያየሁት ባንቺ እጅ ነው። አንቺ ትከፍቺያለሽ፣ አንቺ ትይዥላታለሽ፣ «እዚህ ጋ እዪ» የምትያትም አንቺ ነሽ። 180 ኪሎ ሜትር ቅርብ ነው ትያለሽ። ላንቺ ቅርብ ነው። ቅሪ አላልኩሽም! ሂጂ፣ ጎጆሽን ቀልሺ፣ ውለጂ። ግን ከጥር በፊት አስተምሪያት። ስልኩ ውስጥ ሁሉንም አጥፍቼ ቦቲምን ብቻ ፊት ለፊት አድርጌዋለሁ፣ ፊደሉንም አተልቄዋለሁ። ኔትወርኩ ሲደክም ቪዲዮውን ትታችሁ በድምፅ ብቻ አውሩኝ፣ በጣም ያነሰ ዳታ ነው የሚበላው። መብራት ጠፍቶ ዋይፋዩ ከሄደም ድምፅሽን ቅጂና ላኪው፣ ኔትወርክ ሲመጣ ራሱ ይደርሰኛል።

ከዚህ ጀምሮ ጮክ ብለሽ አንብቢላት።

እማዬ፣ እንደምን አለሽልኝ? እኔ ደህና ነኝ፣ እየበላሁ ነው፣ የከሳሁ የምመስለው ከመብራቱ ነው። ባለፈው አዲሱን የአባይ ድልድይ ላሳይሽ ብለሽ ከባጃጅ ውስጥ ስልኩን ዘርግተሽልኝ ነበር። 380 ሜትሩን ተሻግረሽ አባይ ማዶ እስክትደርሺ ያየሁት አገጭሽንና የባጃጁን ጣራ ነው። «ያምራል» ያልኩሽ እውነቴን ነው፣ አገጭሽን ነው ያልኩት። ለየካቲት 16 ዘጌ የምትሻገሪ ከሆነ ጀልባው ላይ ብርድ እንዳይመታሽ ጋቢ ደርቢ። ኡራ ኪዳነ ምሕረት ስትደርሺ ስለቴን ንገሪልኝ፣ የቱን እንደሆነ ታውቂዋለሽ።

ይሄ ስልክ ያንቺ ነው። ሲጮህ አረንጓዴዋን ንኪ፣ ቀይዋን ተያት። አይሰበርም፣ አይፈነዳም፣ ሳንቲምም አይቆርጥብሽም። ቻርጅ የምታደርጊው ማታ ነው፤ ጠዋት ነቅለሽ ከመቀነትሽ ጋር ያዢው።

እሁድ ከቅዳሴ መልስ እደውላለሁ፣ በእናንተ አራት ሰዓት፣ በእኛ አምስት። ማሬ፣ ቢጮህ ቢጮህ እንዳታነሺው። እሷ ታንሳው።

እህትሽ