ለቡና ስጦታ የሚሆን የሸማ ከረጢት

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ከሸማ ቁራጭ የቡና ከረጢት ሰፍተው በቸርችል ጎዳና ላሉ የስጦታ ዕቃ መደብሮች ለማቅረብ ላሰቡ አንባቢዎች ጥቂት ነገር እንበል።

ሸማው ከመቆረጡ በፊት ይታጠብ። በእጅ የተሸመነ ጥጥ ውኃ ሲነካው ይሰበሰባል፤ ተሰፍቶ ካለቀ በኋላ ከታጠበ ከረጢቱ ጠቦ ይጣመማል። ጥለቱን በእርጥብ ነጭ ጨርቅ ፈተግ አድርጉት። ቀለም ከለቀቀ ለነጭ ከረጢት አይሆንም፤ ምንም ቢያምር!

ለ250 ግራም የተቆላ ቡና 18 በ54 ሳንቲ ሜትር ጨርቅ ይበቃል። ርዝመቱን ለሁለት አጥፋችሁ ጎንና ጎኑን ስፉ። ከስፌቱ ውጭ የሚተርፈው ጨርቅ 1.5 ሳንቲ ሜትር ይሁን፤ ብዙ ሰው የለመዳት 1 ሳንቲ ሜትር እዚህ ላይ ታሳፍራለች። የሸማ ሽመና ሳሳ ያለ ስለሆነ ጠርዙ ይተረተርና ቡናው ሲሞላበት ስፌቱ ይከፈታል። ስለዚህ ጠርዙን ዚግዛግ ምቱት። የስፌት መኪናው መርፌ ቁጥር 11 ይሁን፤ ወፍራም መርፌ ክሩን እየሳበ ጨርቁን ያኮማትረዋል። አፉን 4 ሳንቲ ሜትር ወደ ውስጥ አጥፋችሁ የማሰሪያ መተላለፊያ ስፉበት፤ ለማሰሪያው ሁለት 45 ሳንቲ ሜትር ገመድ ይበቃል።

የአቡጀዲ ገበር ያምራል እንጂ የቡናውን ዘይት አያግድም። ቡናው መጀመሪያ በታሸገ ላስቲክ ይግባ፤ አለዚያ ነጩ ሸማ መደርደሪያ ላይ እንዳለ ይበላሻል።

ከፒያሳ፣ አዲስ አበባ